ካኮ ላይ «አምስት ሳንቲም» ያሰኘኝ የጤና መድን ካርድ

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጂንካ ላይ ባጃጅ በሰላም መሳፈር አልቻልኩም። ባለ ባጃጁ ገና ሳልቀመጥ ዞር ይልና፣ «እትዬ ብርቄ፣ ባለፈው ለእናቴ መድኃኒት ከውጭ ግዙ አሉን። ካርድ እያለን ለምንድነው?» ይለኛል። እኔም አርፌ አልቀመጥ ነገር፣ «ደረሰኝ ተቀብለሃል? ማዘዣው ላይ ግቢ ውስጥ የለም ተብሎ ተጽፎልሃል? ማህተም አለው?» እያልኩ ገበያው ጋ መውረድ ሲገባኝ መናኸሪያው ጋ እደርሳለሁ። እሱ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ይምላል፣ እኔ ሳልከፍል አልወርድም ብዬ እምላለሁ። ልጄ «እማ፣ አንቺ እኮ ጡረታ አልወጣሽም፤ ቢሮሽን ነው ባጃጅ ውስጥ ያዛወርሽው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሐኪም አልነበርኩም፤ መርፌ ጨብጬ አላውቅም። የታመመ ሰው ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘኝ፣ ድኖ ሲወጣም መጨረሻ ላይ የሚሰናበተኝ ሰው ነበርኩ። መጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባይ፣ በኋላ ደግሞ የጤና መድን። ሥራዬ ሲጨመቅ «ይህን አንተ ትከፍላለህ፣ ይህን አትከፍልም» ማለት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት።

የተቀጠርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ እዚሁ ጂንካ ነው። አባቴ ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ የጎፋ ሰው፣ እናቴ የአሪ ሴት ናት። አማርኛውንም አሪኛውንም እኩል ስለማወራ ወዲያው ካርድ ክፍል አስገቡኝ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ይባላል። ቀጭን፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ የማያወርድ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማረውና የማውቀውን ሥራ ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ግማሹን የተማርኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።

ካርድ መፈለግ በራሱ ሙያ ነበር። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሰው አምና በአንድ ስም ይመዘገባል፣ ዘንድሮ በሌላ ስም ይመጣል። አንዳንዱ የበና ወይም የሐመር ጎልማሳ እንደ ወጋቸው ለማግባት ከብት ዘሎ ስሙ ይለወጣል፣ አንዳንዱ የአሪ ገበሬ ጌታን ተቀብሎ ኢሳያስ ወይም ዘካርያስ ተብሎ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ታዲያ ስምን አያምንም ነበር። በካርዱ ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል «ከአጎቱ ጋር የመጣ»፣ «ወንዝ ማዶ፣ ማር ያመጣ»፣ «የሚስቱ ወንድም መምህር» ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ስሙን ሦስቴ ቢቀይርም ጋሽ ደምሴ በአጎቱ ያገኘዋል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን አንድ ልማዱ ነበር። ዋጋ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ አይናገርም። ይነሳል፣ በጎን በር ይወጣል፣ አግዳሚው ላይ ከሕመምተኛው ጎን ይቀመጣል። የዛሬው ምርመራ ስንት እንደሆነ፣ ነገ ምን ሊታዘዝ እንደሚችል፣ የት እንደሚያድር፣ በምን እንደሚመለስ አንድ በአንድ ያወራዋል። መጀመሪያ «የመመለሻህን አውጣና ለብቻው ቋጥረው» ይለዋል። በመጨረሻ ደግሞ፣ «እስቲ አሁን አንተ ለእኔ ንገረኝ» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ ካልነገረው ንቅንቅ አይልም። ወረፋው እስከ በር ድረስ ተሰልፎ እኔ በንዴት እጨሳለሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ማታ ድረስ አንጨርስም!» አልኩት አንድ ቀን።

«ሳይገባው ከሄደ ነገ ይመለሳል፤ ወይም ጭራሽ አይመለስም» አለኝና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

እኔ ወጣት ነበርኩ፤ እግሬም ምላሴም ፈጣን። ቀስ እያለ እድሜውን የሚጨርስ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማየው።

ከዚያ ወይጦ ጤና ጣቢያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ተመደብኩ። ወይጦ ሙቀቷን ለሚችል አሪፍ አገር ናት። የእርሻ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ የጸማይ ከብት አርቢው በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ወባ ያንቀጠቅጣቸዋል። ያኔ ገንዘብ የሌለው ሰው ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ያመጣል፤ ወረቀት የሌለው ደግሞ ያለውን ይሸጣል። አባወራው ከገበያ ፍየሏን ሸጦ እስኪመጣ ሚስቱን እኔ ጋ ትቶ የሄደበትን ቀን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደመወዜ ከወር ወር የሚያደርስ ባይሆንም ጨዋታው ደመወዝ ነበር። ወይጦ ላይ ፈጣን ገንዘብ ተቀባይ ተብዬ ተመሰገንኩ፤ ምስጋናውም ልቤን አሳበጠው።

በዚህ ያበጠ ልብ ነው የበና ሰዎች ገበያ ወደሆነችው ካኮ የሄድኩት።

ካኮ ስመደብ የጤና መድን ገና መጀመሩ ነበር። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ፎቶ የተለጠፈበት ካርድ ይሰጠዋል፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ይታከማል። መጀመሪያ ግን ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እዚያ ካልተቻለ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ፣ ሕመሙ ድንገተኛ ካልተባለ በቀር፣ ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል። ግቢ ውስጥ የሌለ መድኃኒት ሲታዘዝም ከውጭ የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነው፤ በደረሰኝ ማስመለስ ቢቻልም ጊዜ ይፈጃል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ ጭራሽ የለበትም። ይኸው፣ አሁን ለእናንተ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳችሁ። ካኮ ላይ ግን ይህን ሳልናገር ቀረሁ።

አለቃዬ በቀን ሁለቴ እየደወለ «ስንት አባወራ ደረስሽ? ሪፖርት ልልክ ነው» ይለኛል። የካኮ ገበያ ሰኞ ነው። አንድ ሰኞ የቢራ ሣጥን ላይ ወጥቼ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዤ፣ «ይህን ካርድ የያዘ ሰው ሆስፒታል ገብቶ አምስት ሳንቲም አይከፍልም! ብር አትያዙ፣ ካርዳችሁን ብቻ ያዙ!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ወደ በንኛ እየመለሰልኝ ነው። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ተሰለፈ። እኔም ሞቅ ብሎኝ አምስት ሳንቲሟን ደጋገምኳት። በዚያ ቀን ካርድ አለቀብኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

መጀመሪያ ከተሰለፉት አንዱ ኦይታ ነበር። ኦይታ ከብትና ቀፎ ያለው የበና ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ተናጋሪ፣ ቀልደኛ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው። ሚስቱ ዱካ አማርኛዋ እንደ እሱው ነው፤ ቀልዷ ግን ከእሱ የባሰ ነው። ፎቶ ሲያነሷት አልስቅም ብላ ጉንጯን ስትነፋ ገበያው በሙሉ ሳቀባት።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ሰኞ ኦይታ ገበያው መሃል መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ካርዱን ወረወረው።

«አንተ አምስት ሳንቲም የለም አልክ። አንተ ዋሽተሃል።»

ነገሩን በቁርጥራጭ አማርኛ ነገረኝ። ዱካ ለአጥር እሾህ ስትቆርጥ የግራር ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን ወጋት። ሦስት ቀን ጠበቁ፤ ዓይኗ ነጣ፣ አበጠ። ከዚያ ኦይታ ካርዱን ብቻ ይዞ፣ እዚሁ ካኮ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ በቀጥታ ጂንካ ሆስፒታል ወሰዳት። ሪፈር አልያዘም፤ ሦስት ቀን ስላለፈውም ድንገተኛ አልተባለለትም። ግማሹን ክፈል ተባለ። የታዘዘው የዓይን ጠብታ ደግሞ ግቢ ውስጥ የለም፤ ከውጭ ግዛ ተባለ። ኦይታ በእጁ ያለው ካርዱ ብቻ ነው። ተናደደ፣ ሚስቱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ዓይኗስ?» አልኩት።

«ዓይን የለም» አለኝ።

ጠረጴዛዬን አጥፌ ሄድኩ። በማግስቱ ጂንካ ወርጄ፣ ያኔ ጡረታ ወጥቶ በሙዝ ጓሮው ውስጥ የሚውለውን ጋሽ ደምሴን ፈለግሁት። አለቀስኩለት፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አጠገባቸው ተቀምጠሽ ነው የነገርሻቸው ወይስ ቆመሽ?»

«ቆሜ» አልኩት። «ሣጥን ላይ።»

«እንግዲያው አሁን ሂጂና ተቀመጪ» አለኝ።

ሄድኩ። ኦይታ ደጅ ላይ ዱካ በአንድ ዓይኗ አየችኝና ፊቷን አዞረች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ዋሽቻለሁ፤ ልጎዳችሁ ብዬ ሳይሆን ቸኩዬ ነው፤ ግን ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። በኋላ ኦይታ የነገረኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሲያስደነግጠኝ ይኖራል።

ኦይታ ጂንካ አጠገብ ዘካርያስ የሚባል የአሪ ገበሬ የቃል ወዳጅ አለው። እነሱ «ቤል» ይሉታል። ከአባቶቻቸው የመጣ ወዳጅነት ነው። ኦይታ በደህናው ቀን ማርና ፍየል ይወስዳል፣ ዘካርያስ እህል ይሰጠዋል። አንዱ ሲቸገር ሌላው ቤት ይሄዳል፤ የቃል ወዳጅ እምቢ አይባልም። ከካርዱ በፊት ኦይታ ሰው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚሄደው ዘካርያስ ቤት ነበር። ዘካርያስ ያስተኛቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ ለመድኃኒቱም ያለውን ያወጣል።

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን አልሄድክም?» አልኩት።

«አንተ አያስፈልግም አልክ» አለኝ። «አምስት ሳንቲም ከሌለ ወዳጄን ለምን አስቸግራለሁ? በደጁ በኩል አልፌ ሄድኩ።»

ለካ እኔ ካርድ ብቻ አይደለም የሰጠሁት፤ የነበረውንም ነጥቄዋለሁ። ይህን ያህል ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካኮ ስሜን ረሳው። «አምስት ሳንቲም መጣች!» ይላሉ ገበያ ስገባ። ሻጮቹ ይጠሩኛል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ምእመናን ይጠሩኛል፣ ፖሊሱ ሳይቀር ይጠራኛል። ካርዱ በየዓመቱ በሚታደስበት ወቅት ሰው ጠረጴዛዬን እየዞረ ያልፋል። ዱካማ ገና ከሩቅ ስታየኝ አምስት ጣቷን ትዘረጋልኛለች።

ለመዛወር ማመልከቻ ጻፍኩና ቀደድኩት። በምትኩ አግዳሚ አሠራሁ። ሰኞ ሰኞ ገበያው ዳር፣ ዋርካው ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ሣጥንም ድምፅ ማጉያም የለም። አንድ ሰው ሲመጣ ከጎኑ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ «ከኪስ የሚወጣ ወጪ» የሚል ወረቀት ይዤ ነበር፤ ሰውየው ከወገቡ ያሸረጠውን ጨርቅ እያሳየ «የት ያለ ኪስ?» ሲለኝ እኔም ስቄ ወረቀቱን ተውኩት። በእነሱው ቋንቋ፣ በወዳጅነት ጀመርኩ። «ካርዱ የቃል ወዳጅ ነው። በደህናህ ቀን ትሰጠዋለህ፣ ስትታመም ይሰጥሃል። ግን ይሄ ወዳጅ ደጁ አንድ ነው፤ በጤና ጣቢያው በኩል ካልመጣህ ግማሹን ብቻ ነው የሚያግዝህ። ከግቢ ውጭም አብሮህ አይሄድም። ለውጭው መድኃኒት፣ ለማደሪያው፣ ለመንገዱ የድሮ ወዳጅህን እንዳትተው።» ከዚያም የጋሽ ደምሴን አስከትላለሁ፦ «እስቲ አሁን አንተ ለእኔ ንገረኝ።»

ዓመት ፈጀ። ቀስ በቀስ ግን መጡ። አንድ የጸማይ ሽማግሌ ካርዳቸውን በፍየል ቆዳ ጠቅልለው መጡና ተቆጡኝ። ዓመቱን ሙሉ አልታመሙም። «ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ቢያንስ አንድ መርፌ ውጉኝ!» አሉ።

«አባቴ፣ ምንዎን አሞዎት?»

«ምንም። ግን ከፍያለሁ!»

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዱካ ናት። መጥታ ሽማግሌውን በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻቸው፤ እሳቸውም አጉረምርመው፣ ኋላ ስቀው፣ ካርዳቸውን አሳደሱ። ምን እንዳለቻቸው ኦይታን ስጠይቀው፣ «ለወዳጅህ ማር ሰጥተህ፣ ለምን አልተራብኩም ብለህ ትጣላለህ ወይ አለች» አለኝ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ዱካ ከአግዳሚው ጫፍ አልጠፋችም። እኔ ከምናገረው በላይ ሰው የሚሰማው እሷን ነበር። የጠፋ ዓይኗን በጣቷ እያሳየች፣ «ይሄ ሪፈር ያጣ፣ ጠብታ ያጣ ዓይን ነው» ትላቸዋለች። እኔን ግን አሁንም «አምስት ሳንቲም» ነው የምትለኝ። አብረን እንስቃለን፤ ቤቴ ስገባ ግን ያቺ ስም ትወጋኛለች።

ኋላ ወደ ጂንካ ተመለስኩ፤ በሆስፒታሉ የመድን መስኮት ተቀመጥኩ። መስኮት አልኩ እንጂ የምውለው በጎን በሩ ስወጣ ስገባ ነው። ወጣት ሠራተኞች ወረፋው ረዘመ ብለው ሲነጫነጩ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። አንዷ «እትዬ ብርቄ፣ እንዲህ ከሆነ ማታ ድረስ አንጨርስም!» ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወጣሁ።

ለጡረታ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ አንድ ጠዋት አግዳሚው ላይ ኦይታን አየሁት። አጠገቡ ዱካ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍናለች። ወዲያ ማዶ ጃኬት የለበሰ ዘካርያስ አለ። ትናንት ማሽላ ስታበራይ ገለባ ቀኝ ዓይኗ ገብቶ ቧጠጣት። ያላት አንድ ዓይን ይኸው ነው። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ዱካ፣ እኔ ነኝ።»

«አምስት ሳንቲም» አለች፤ በድምፄ አወቀችኝ።

የማውቀውን ብቻ አልኳት፦ «እስቲ አንቺ ለእኔ ንገሪኝ።»

ዱካም ጀመረች። ካርዱ ታድሷል፤ ይኸው። ትናንትናውኑ ካኮ ጤና ጣቢያ ሄዳለች፤ ሪፈሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይኸው፣ ማህተም አለው። ዘካርያስ ቤት አድረዋል። ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት የያዙት እዚህ ተቋጥሯል፤ የመመለሻው ደግሞ ለብቻው እዚያ። ደረሰኝ ዘካርያስ ይቀበላል፣ እሱ ማንበብ ያውቃል። አንዲት ነገር አልረሳችም። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማት ነበር፤ እኔ እንባዬ እየወረደ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ።

ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ሕክምናውን ጀመረላት። ከታዘዘው አንዱ ጠብታ አሁንም ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ ዘካርያስ ከውጭ ገዝቶ ደረሰኙን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። አስተኟት። በየቀኑ ምሳዬን ትቼ እሄዳለሁ፤ ዓይኗ ታሽጎ፣ የክፍሉን ሕመምተኞች ሁሉ ስለ ሪፈር ስታስተምር አገኛታለሁ። ለጡረታ የቀሩኝን ቀኖች እየቆጠርኩ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይቺን አንዷን ብቻ» እያልኩ ነበር።

የዓይኗ እሽግ በሚፈታበት ጠዋት አልጋዋ ግርጌ ቆምኩ። ነርሷ ፋሻውን አነሳችና ሦስት ጣቷን ዘረጋች።

«ስንት ነው?»

ዱካ ዓይኗን አርገበገበች። «ሦስት።»

ዱካ ክፍሉን ቀስ ብላ ቃኘች፤ መስኮቱን፣ ዘካርያስን፣ ባሏን። ከዚያ እኔ ላይ ደረሰች፤ አምስት ጣቷን ልትዘረጋልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጇን አላነሳችም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ብርቄ» አለችኝ። «አንተ አርጅተሃል።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ስሜን ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ክፍሉ በሳቅ አበደ፤ እኔም እየሳቅሁና እያለቀስኩ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ።